ነጭ ሳር ከመውረድሽ በፊት

ነይማ፣ ያን ባለ ተረከዝ ጫማ ከሻንጣው አውጪው። ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እኮ ሠርግ ቤት አይደለም!

አርባ ምንጭ ስትደርሺ እንደ ሰዉ ሁሉ «አዞው የት ነው?» ብለሽ አትጀምሪ። መጀመሪያ ለከተማዋ ስም ወዳወጡላት ምንጮች ውረጂ። ውሃው ከገደሉ ግርጌ ኩልል እያለ ይወጣል። ከላይ ሆነሽ ስታይው ጥቁር የሚመስለው ደን የሚጠጣውም ይህንኑ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ዝናብ ብቻ ጠብቆ እንደዚያ አይለመልምም። ሾላዎቹን ቀና ብለሽ እያየሽ ሂጂ፣ ጉሬዛ አይጠፋም። ቦርሳሽን ግን ዝጊ። እኔ ሙዝ በእጄ ይዤ ስዝናና አንዱ ዝንጀሮ መንጭቆኝ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ልጣጩን እያየኝ ወረወረልኝ።

የጫሞን ሐይቅ በጠዋት ያዢው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከተነሳ ጀልባዋ ትናወጣለች። «አዞ ገበያ» ሲሉሽ ዘንቢል እንዳትይዢ፤ አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ የሚሰበሰቡበት ዳርቻ ነው። አፉን ከፍቶ የተጋደመው ሊበላሽ ፈልጎ ሳይሆን ሙቀቱን ሊያበርድ ነው። ቢሆንም እጅሽን ውሃ ውስጥ አትንከሪ። ባለጀልባው ሞተሩን ሲያጠፋ አንቺም አፍሽን ዝጊ። ያኔ መጀመሪያ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ ብለው ውሃ ያራግፋሉ፤ ጉማሬው ከሥራቸው ነው። «ትንሽ እንጠጋ» ብለሽ ሰውየውን አትወትውቺው። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ በዚያ ሰዓት ዳር ዳሩን አትንሸራሸሪ።

የእግዜር ድልድይ የሚሉትን በጫሞና በአባያ ሐይቆች መካከል ያለውን ጠባብ መሬት ከከፍታ እዪው። ጫሞ ሰማያዊ፣ አባያ ደለል ተሸክሞ ወተት እንደገባበት ሻይ የቀላ። ማዶ ሜዳው ላይ የሜዳ አህያ አለ፤ መንገዱ ግን ድንጋያማ ነውና ያለ ጠንካራ መኪናና ያለ ስካውት አትሞክሪው። ቆርኬ አላየሁም ብለሽም አትበሳጪ፣ ቁጥሩ ተመናምኗል። በዚያ ሜዳ በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከሞተች ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ አገኙ፤ በዚያው ክንፍ አዲስ የወፍ ዝርያ ተመዘገበ። ስለዚህ ትልቁን ብቻ ስትፈልጊ ትንሹ እንዳያመልጥሽ።

ቆላ ነው፣ ወባ አለ፤ አጎበርና እጅጌው ረጅም ልብስ ያዢ። ፌስታልሽንም ይዘሽው ተመለሺ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከደኑ ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመው የሚወጡ እናቶች ታገኛለሽ። ካሜራ አትደቅኚባቸው፤ ሰላም በያቸውና መንገድ ልቀቂላቸው። ደኑ ሲሳሳ ምንጩ እንደሚጎዳ ከአንቺ ቀድመው ያውቃሉ፤ እንጨቱን የሚሸከሙት ማታ የሚነድ ሌላ ማገዶ ስላጡ ነው።

በይ ሂጂ። ስትመለሺ ሙዝ አምጪልኝ፤ ከዝንጀሮው ጋር ያልተወራረደ ሒሳብ አለኝ።