ስጦታ ነው ወይስ ብድር?

በባዕዳን መካከል የሚደረግ የገንዘብ ነገር ብዙ ጊዜ ወረቀት አለው፤ በዘመዳሞች መካከል ሲሆን ግን ያለው ቃል ብቻ ነው። አባት ለልጁ መቋቋሚያ ይሰጣል፤ ወንድም ለወንድሙ ሱቅ ያስከፍታል። በዚያን ዕለት «ይህ ገንዘብ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቁም እንደ ነውር ይቆጠራል። ጥያቄው የሚነሣው ሰጪው ሲሞት ወይም ተቀባዩ ትዳሩን ሲፈታ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስጦታን የሚለየው በሰጪው አሳብ ነው። ተቀባዩን ለመጥቀም ብሎ ከሀብቱ ከሰጠው ስጦታ ነው፤ ተቀባዩ የወሰደውን ያህል ሊመልስ ከተስማማ ብድር ነው። አሳብ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ሕጉ «ግዴታ አለብህ» የሚለው ወገን እንዲያስረዳ ያዛል። በቁጥር 2472 ደግሞ ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። እንግዲህ «ጎረቤት ሰምቷል» ማለት አይበቃም ማለት ነው። 500 ብር በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ እንኳ አይገዛም። የሕጉ ቁጥር ግን ያው ነው።

በዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርተው የሚልኩ እህቶቻችን ይመስሉኛል። አንዲት እህት ለወንድሟ ለዓመታት ገንዘብ ላከች እንበል። እርሷ «ቤት እንዲሠራልኝ ነው» ትላለች፤ እርሱ «ለቤተሰቡ መርጃ ነው የላከችው» ይላል። የባንኩ ደረሰኝ ገንዘቡ መድረሱን ያሳያል እንጂ ለምን እንደ ተላከ አይናገርም። እንዲያውም የእርሷ ነገር ስጦታም ብድርም ሳይሆን ውክልና ነው፤ ክሱ በብድር ስም ከቀረበ ደግሞ መንገዱን ይስታል።

በፍቺም ጊዜ እንዲሁ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ ለአንዱ ብቻ የተሰጠ ስጦታ የግሉ ሆኖ ይቀራል፤ ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ ግን የሁለቱም ነው። ስለዚህ የባል አባት ትናንት «ለልጄ ሰጠሁ» ያለውን ዛሬ «አበድሬ ነበር» ቢል፣ ሚስቲቱ ያላወቀችውን ዕዳ ልትካፈል ነው። ወረቀት ይቅረብ ማለት እዚህ ላይ ደካማውን ይጠብቃል፤ በእህታችን ላይ ግን ይፈርዳል።

ጽሑፉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የገንዘቡ ልክ፣ ቀኑ፣ «በብድር» ወይም «በስጦታ» የሚል ቃል፣ የሁለቱ ፊርማ ይበቃል፤ ሁለት ምስክሮች ቢፈርሙበት ይበልጥ ይጠነክራል። ገንዘብ በስጦታ ሲሆን ከእጅ ወደ እጅ በማስረከብም ይጸናል። ቤት ሲሆን ግን ቁልፉን ማስረከብ ብቻ አይበቃም፤ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተጻፈ ስጦታው ዋጋ የለውም።