ስለ «ውጅግራ» ስም

ጥያቄ፦ አባቶቻችን «ውጅግራ» የሚሉት ጠመንጃ ስሙ ከልሳነ ኢጣልያ የተገኘ ነውን? (ከመሸንቲ)

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ስሙስ ከፈረንሳይ ነው፤ «ፉዚ ግራ» ማለት የግራ ጠመንጃ ሲሆን፣ ግራም የፈረንሳይ ሠራዊት በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለውን ይህን መሣሪያ የነደፈው መኮንን ነው። ነገር ግን የፈረንሳዩ «ፉዚ» እና የኢጣልያው «ፉቺሌ» ሁለቱም «ፎኩስ» ከምትባለው የሮማይስጥ ቃል የተወለዱ ናቸው፤ ይህችም በጥንቱ ዘመን ምድጃን፣ ኋላም እሳትን ስታመለክት ኖራ፣ ከእርሷ የወጣው ስም አስቀድሞ ከባልጩት ጋር ተፋጭቶ እሳት ለሚያወጣው ብረት፣ ቀጥሎም ባሩዱን በዚሁ ብልሃት ለሚያቀጣጥለው ነፍጥ ተሰጠ። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተፋለሙት ጠመንጆች በስም ዘመዳሞች ነበሩ ቢባል ሐሰት አይሆንም። በእውነት ኢጣልያዊ ስም የሚሹ ከሆነ ግን «አልቢን» የተባለው ጠመንጃ አለልዎት፤ የኢጣልያ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው የአውጉስቶ አልቢኒ ስም ነውና።