ትራክተር ለምን ሁለት የፍሬን ፔዳል አለው?

ማሲ ፈርጉሰን 135 የተባለው ትራክተር መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ ለቀኙ አንድ፣ ለግራው አንድ ፔዳል አለው። ለምን ይሆን?

ሹፌሩ ከትልሙ ጫፍ ሲደርስ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ የቀኙን ፔዳል ብቻ ይረግጣል። ቀኙ ጎማ ይያዛል። በኋላ አክስሉ መካከል ያለው ዲፈረንሻል ግን ግራውን ማዞሩን አይተውም። ትራክተሩም እዚያው ጥምዝ ይላል፤ በሬ እንኳ እንዲህ አይታጠፍም!

መንገድ ላይ ግን ይኸው ነገር ሰው ይገድላል። ከእንጦጦ ወደ ጉለሌ፣ የሽሮ ሜዳን ቁልቁለት ተጎታች ይዞ የሚወርድ ሰው አንዱን ፔዳል ብቻ ቢረግጥ ትራክተሩ ወደ ጎን ተስቦ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ፔዳሎች የሚያጣምር መቀርቀሪያ ተሠርቶለታል። ከእርሻ ስትወጡ ቀርቅሩት። በፎሌም አትውረዱ። ገና ከላይ ሳላችሁ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዝላችኋል። ፍሬን ብቻ ሲረገጥ ይግልና መያዙን ይተዋል።

መቀርቀሪያው ተቀርቅሮም አንዱ ጎማ ቀድሞ የሚይዝ ከሆነ ፍሬኑ እኩል አልተስተካከለም ማለት ነው። ይህን ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ሞክሩት።