ችግሩን አይቶ ተስፋ ማድረግ፦ ከቡድሃ ትምህርት

ከማስተማር ልምምድ የተመለስን ሰሞን በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከፊላችን አንድ መጽሐፍ ለአምስት የሚካፈሉትን ልጆች አይተን ልባችን ወድቋል። ከፊላችን ደግሞ «አይዟችሁ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ብንላቸው ልጆቹ እንኳ አላመኑንም። ታዲያ መምህር እውነቱን ሳይሸሽግ እንዴት ተስፋ ይሰጣል? በዚህ ረገድ የቡድሃን ትምህርት መመልከቱ ይጠቅማል ብለን ይህን አቅርበናል።

ቡድሃ ያስተማራቸው አራቱ ክቡራን እውነቶች የሚጀምሩት «መከራ አለ» ከማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ሃይማኖቱን የጨለምተኞች ያደርገዋል፤ እኛም እንዲያው መስሎን ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው እውነት መከራ መንሥኤ እንዳለው፣ ሦስተኛው መንሥኤው ሲወገድ መከራውም እንደሚቀር፣ አራተኛው ደግሞ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ያስረዳል። አካሄዱ የሐኪም ነው። ሐኪም የበሽታውን ስም የሚናገረው በሽተኛውን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን አንድ የሙያ ባልደረባችን ናቸው። በ1958 እ.ኤ.አ. በስሪ ላንካ፣ በኮሎምቦ የናላንዳ ኮሌጅ መምህር የነበሩት ኤ. ቲ. አሪያራትኔ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ካናቶሉዋ ወደምትባል መንደር ወረዱ። ነዋሪዎቿ በትውልዳቸው ምክንያት የተናቁና የተገለሉ ነበሩ። ተማሪዎቹ ከመንደርተኛው ጋር እያደሩ አብረው በጉልበታቸው ሠሩ። ሥራው ሽራማዳና ይባላል፤ ጉልበትን መለገስ ማለት ነው። (ጠላው አይኑርበት እንጂ የእኛን ደቦ ይመስላል።) ሳርቮዳያ የተባለው ንቅናቄ ከዚህ ተነሥቶ ከ15,000 በላይ መንደሮች ደረሰ።

ንቅናቄው አራቱን እውነቶች ለሕዝቡ ያስተማረው በገዛ መንደሩ ነው። መጀመሪያ፣ መንደራችን ድህነት፣ በሽታና ጠብ አለባት ብሎ በግልጽ መናገር። ቀጥሎ መንሥኤውን መፈለግ፤ ራስ ወዳድነትና ፉክክር ከመንሥኤዎቹ ይቆጠራሉ። ተስፋ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መንሥኤ ያለው ነገር ሊለወጥ ይችላልና።

ስሜትስ? የቡድሃ ተከታዮች ልብም ልምምድ ያስፈልገዋል ይላሉ፦ ፍቅር፣ ርኅራኄ፣ በሌላው ደስታ መደሰት፣ የመንፈስ እርጋታ። በእኛ አስተያየት የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ሰማንያ ልጆች ባሉበት ክፍል አንዷ ስሟን መጻፍ ስትችል፣ ሰባ ዘጠኙን እያሰብን ደስታዋን ሳንካፈላት እንቀራለን። እርጋታም ቢሆን ግድ የለሽነት አይደለም፤ ሥራው ባይሳካ ሳይሰበሩ በማግስቱ ዶማ ማንሣት ነው።

በሚቀጥለው ልምምድ የመጽሐፉን ነገር በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል ከልጆቹ ጋር እንነጋገርበታለን። የመኝታ ቤቱ ክርክር ግን እስካሁን አልበረደም።