የምድሪቱ ዕረፍትና የድሀው እንጀራ



እግዚአብሔር በሙሴ አማካይነት የሰጠው ሕግ ስለ ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ መሬትም ይናገራል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደምናነበው፥ ስድስት ዓመት የታረሰች መሬት በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ታዟል። ይህም እንደ ምክር የሚታለፍ አልነበረም። ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ በኋላ ምድሪቱ የተነፈገችውን ዕረፍት 70 ዓመት ሙሉ እንዳገኘች ዜና መዋዕል ካልዕ በምዕራፍ 36 ይመሰክራል።

በአገራችንም ለዚህ የቀረበ ሐሳብ ያለው ሕግ ወጥቷል። የ1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፥ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ሆነ ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፥ ይልቁንም ዛፍ፥ ቋሚ ተክልና የከብት መኖ እንዲለማበት ደነገገ። ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ተዳፋት ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው የጠረጴዛ እርከን ተሠርቶለት ብቻ ነበር። (60 በመቶ ማለት 60 ዲግሪ አይደለም፤ ብዙዎች ይሳሳቱበታል። በአግድም 100 ሜትር ሲኬድ 60 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ማለት ነው።) መሬቱን ያልተንከባከበና ያስጎዳ ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን እስከ ማጣት ይደርስ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ቢተካም፥ መሬትን የመንከባከብ ግዴታ ዛሬም ከባለይዞታው ጫንቃ አልወረደም።

ታዲያ ከዳገት ላይ ካለች ግማሽ ጥማድ በቀር ሌላ የሌለው አባወራ፥ «አባ፥ እርሷን ካላረስሁ ልጆቼ ምን ይብሉ?» ቢለን ምን እንመልስለታለን? አዋጁን አንብቦ ማሰናበት የእረኛ ሥራ አይመስለኝም። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 23 ባረፈችው መሬት ላይ የበቀለው ለድሆች፥ ከእነርሱ የተረፈውም ለዱር አራዊት እንዲሆን ያዛል። ምድሪቱን የሚያሳርፈው ሕግ ድሀውን የሚመግበውም እርሱ ራሱ ነው። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ቁጥር 71 ላይ የሰንበትን ዕረፍትና የድሆችን ቃርሚያ ጎን ለጎን ያነሡትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ያንን አባወራ «ዳገቱን አትረስ» ብለን ካስተማርን፥ ችግኙን ለመትከል በደቦ አብረነው እንውጣ። ሣሩን አጭዶ ከብት እስኪያደልብበት ድረስም የቁምስናችን የዐቢይ ጾም ምጽዋት አስቀድሞ ከእርሱ ደጃፍ ይድረስ።