የናፍታ ኢንጀክተር ዕድሳት



በዚህ ዕትም የሙያ ትምህርት ገጻችን የምንመለከተው የቆየ የናፍታ ሞተር ኢንጀክተር እንዴት እንደሚፈታ፣ እንደሚጸዳና እንደሚለካ ነው። ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርዶ በካርቲየ 3 ጋራዥ ደጃፍ ላይ ሥራ የሚጠይቅ ወጣት በመጀመሪያ የሚሰጠው ጎማ መፍታትና ዕቃ ማጠብ ነው። ከዚያ አሻግረው ባለሙያ ከሚያሰኙት ሥራዎች አንዱ ኢንጀክተር ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግና በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የተከተሉት ድንጋጌዎች ስደተኛው የመሥራት መብት እንዳለው አረጋግጠዋል። ባለጋራዡ ግን ከወረቀቱ ይልቅ እጅን ነው የሚያየው።

በቅድሚያ ስለ ስሞቹ ጥቂት እንበል። ከአዲስ አበባ የመጣ መካኒክ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን እያለ ጣሊያንኛ በቀመሰ ቋንቋ ሙያውን ተምሯል። ጅቡቲ ውስጥ የጋራዡ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች ልጆች ለዚህ ሳይቀርቡ አይቀሩም። እዚህ ናፍታ «ጋዞይል» ይባላል። ኢንጀክተሩ «አንዤክተር»፣ የኢንጀክተር መሞከሪያው የእጅ ፓምፕ «ፖምፕ አ ታሬ»፣ የመክፈቻ ግፊቱን ማስተካከል «ታራዥ»፣ ግፊቱን ለማስተካከል የምትገባው ስስ ብረት ደግሞ «ካል» ትባላለች። ሮንዴላ ብቻ በሁለቱም ወገን ያግባባል። እነዚህን አምስት ስድስት ቃላት ያወቀ ሰው አለቃው ሲጠራ ግራ አይጋባም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ያሠራው ሞተር ነዳጁን ወደ ሲሊንደር ያስገባ የነበረው በታመቀ አየር እየገፋ ነበር፤ ለዚህም ከባድ የአየር መጭመቂያ ያስፈልገው ስለነበር ለመኪና አይመችም። የጀርመኑ ቦሽ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 የናፍታ ፓምፕ በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው የናፍታ ሞተር በየጭነት መኪናው የገባው። አሠራሩ እስከ ዛሬ በየመንደሩ በምናያቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ያለው ነው። ፓምፑ ናፍታውን ይገፋል። በኢንጀክተሩ አፍንጫ ውስጥ ያለች መርፌ በጠንካራ ሞላ ተጭና ቀዳዳውን ዘግታ ትቆያለች። ግፊቱ ሞላውን ሲያሸንፍ መርፌዋ ብድግ ትልና ናፍታው እንደ ጉም ይረጫል፤ ግፊቱ ሲወርድ ወዲያው ትዘጋለች። ሞተሩ ባንድ ደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ሲሊንደር 1,500 ጊዜ ይፈጸማል።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የገጠመው ዋን ኤች ዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርም ሆነ የቀድሞው የናፍታ ፔጆ 504 ናፍታውን የሚረጩት በቅድሚያ ወደ ትንሽ ጓዳ ነው። በእንዲህ ዓይነቶቹ ሞተሮች መርፌዋ የምትከፈተው ከ100 እስከ 150 ባር ባለው ግፊት ነው። ናፍታውን በቀጥታ በፒስተን ራስ ላይ በሚረጩት የጭነት መኪኖች ዘንድ ደግሞ 200 ባር አካባቢና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የጎማ ንፋስ 2 ወይም 3 ባር መሆኑን ስናስብ ምን ያህል ኃይል ከፊታችን እንዳለ ይገባናል።

ስለዚህም ከመፍቻው በፊት ስለ እጃችን እንነጋገር። ከኢንጀክተር ወይም ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚወጣ ቀጭን የናፍታ ጨረር ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ወጋታ ያህል ነው፤ በመጀመሪያ ላያምም ይችላል፤ ደምም ላይታይበት ይችላል። ውስጡ የገባው ናፍታ ግን ሥጋውን እየመረዘና እያሳበጠ ይሄዳል። እንዲህ የተወጋ ሰው በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። ፋሻ ጠቅልሎ ማደር፣ መጭመቅ ወይም በምላጭ መብጣት አይገባም። ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ሄዶ «በከፍተኛ ግፊት ናፍታ ተወጋሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተነገረ ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ተራ ጭረት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ፍሳሽ ስንፈልግ እጃችንን ሳይሆን ቁራጭ ካርቶን እናስጠጋለን። ኢንጀክተር ሲሞከርም አፍንጫው ወደ ሰው አይዞርም።

መኪና እያጨሰ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ፓምፑ ቪት ነው። ይህ ልማድ ብዙ ሞተር አበላሽቷል። ጥቁር ጭስ መጀመሪያ የሚያጠያይቀን የአየር ፊልትሮውን ነው፤ በጅቡቲ አቧራ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮው ደህና ሆኖ ጭሱ ካልለቀቀ፣ ሞተሩም ከአንድ ወገን የሚያንኳኳ ከሆነ፣ በቆየው ሜካኒካል ሞተር ላይ ጥፋተኛውን ሲሊንደር እንዲህ እንለያለን። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የአንዱን ኢንጀክተር ቱቦ ዳዶ በጨርቅ ሸፍነን በመጠኑ እናላላለን። ድምፁ ከወረደና ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር ማለት ነው፤ መልሰን እናጠብቃለን። ዳዶው ሲላላ ማንኳኳቱ ወይም ጭሱ ቀጥ ካለ ጥፋቱ እዚያው ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ያ ሲሊንደር ከመጀመሪያውም አይሠራም፤ ኢንጀክተሩም ሌላ ችግርም ሊሆን ስለሚችል ኮምፕሬሲዮኑም ይለካ። መነጽር ይደረግ። ይህ ዘዴ በኮመን ሬይል ሞተር ላይ ፈጽሞ አይሞከርም፤ በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል።

ኢንጀክተሩ ከመፈታቱ በፊት ዙሪያው በብሩሽና በናፍታ ታጥቦ ይደርቃል። በአገራችን ክረምት በሚሆንበት፣ እዚህ ግን ካምሲን አሸዋውን ይዞ በሚነፍስበት ወራት ይህን ሥራ በግልጥ ደጅ መሥራት ኢንጀክተሩን መቅበር ነው። የተከፈተ ቱቦ ሁሉ በንጹሕ ፕላስቲክ ይታሰራል። ኢንጀክተሮቹ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ቁጥር ይጻፍባቸዋል። ከሥራቸው ያለው የመዳብ ሮንዴላ አብሮ መውጣቱ ይታይ፤ አሮጌው ውስጥ ቀርቶ አዲስ ከተደረበበት የሚቃጠለው ጋዝ ያፈስሳል፤ ኢንጀክተሩም ከቦታው ከፍ ብሎ ይቀመጣል።

ሲበታተን አካሉ በሞርሳ ይያዛል፤ በሞርሳው ጥርስና በአካሉ መካከል መዳብ ወይም አሉሚኒየም ይገባል። በውስጡ የሚገኙት ካሉ፣ ሞላው፣ የሞላው መቀመጫ፣ ማከፋፈያውና አፍንጫው ከነመርፌው ናቸው። በወጡበት ቅደም ተከተል በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ሥራው የሚበላሸው በዚህ ደረጃ ነውና። መርፌዋና የምትገባበት አካል ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተሞርደው የተጋቡ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጸጉር ከ50 ማይክሮን ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የአንዱን መርፌ ለሌላው ማግባት አይቻልም። አራት ወይም ስድስት ኢንጀክተር ባንድ ጣሳ ናፍታ ውስጥ ዘፍዝፎ መርፌዎቹን ማደባለቅ ሁሉንም መጣል ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ ጣሳ ይኑረው። መርፌዋ በጣት ጫፍ በግንዷ እንጂ በሚያበራው ገጽዋ አትያዝም፤ ላብ ያዝጋታል።

ጥላሸቱ በነሐስ ብሩሽና በተሳለ እንጨት ይነሣል። የብርጭቆ ወረቀትና ሞረድ ከዚህ ገበታ ይራቁ። ከታጠበ በኋላ መርፌዋ በንጹሕ ናፍታ ተነክራ ወደ አካሏ ትገባለች። አካሉን ቀጥ አድርገን መርፌዋን ግማሽ ያህል ስበን ስንለቃት በራሷ ክብደት ዝግ ብላ መውረድ አለባት። ከያዛት ደግመን እናጥባለን፤ በድጋሚም ከያዛት፣ ወይም ጫፏ በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ፣ ወይም ዝገት ከበላት አፍንጫው ይለወጣል። እዚህ ብዙ የምናየው ዝገትን ነው። በባሕሩ ዳር እርጥበት ግማሽ ባዶ በሆነ ሰርባቶዮና በርሜል ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ከናፍታ ፊልትሮው ሥር ያለውን ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ አዲስ አፍንጫ ግን የባለመኪናውን የብዙ ቀን ገቢ ይወስዳል።

የታጠበ ኢንጀክተር ገና አልታደሰም። ፖምፕ አ ታሬ ላይ ወጥቶ ካልተለካ ማንም ስለ እርሱ መናገር አይችልም። ይህ መሣሪያ ማኖሜትር ያለው የእጅ ፓምፕ ነው፤ የሌለው ጋራዥ ኢንጀክተሮቹን ወዳለው ዘንድ ልኮ ማስለካት ይገባዋል። ሥራው ነፋስ በሚያናፍሰው ቦታ፣ ሲጋራና እሳት በሌለበት ይከናወናል፤ ጉሙ ይቀጣጠላልና። የምናየው ሦስት ነገር ነው። መርፌዋ በስንት ባር ተከፈተች? የሞተሩ መጽሐፍ ከሚለው ካነሰ ወፍራም ካል፣ ከበለጠ ስስ ካል ይገባል። የ0.05 ሚሊሜትር ልዩነት እንደ ሞተሩ ዓይነት 5 ባር ወይም ከዚያ በላይ ይለውጣል፤ ሁሉም ኢንጀክተሮች እርስ በርስ መቀራረብ አለባቸው። ቀጥሎ ግፊቱን ከመክፈቻው በ10 ወይም በ20 ባር ዝቅ አድርገን ለ10 ሴኮንድ እንይዘዋለን፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ከተንጠለጠለ አይዘጋም ማለት ነው። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ፒስተኑን ሊያቀልጥ ይችላል። በመጨረሻ አረጫጨቱን እናያለን፦ ጉሙ ቀጥ ብሎ፣ እኩል ተበትኖ፣ ጠብታና ክር ሳይኖረው መውጣት አለበት።

ከአፍንጫዎቹ አንዱ ወድቆ ሲገኝ ባለመኪናው «ይሁን ግጠመው» ሊል ይችላል። በመሞከሪያው ላይ ጠብታውን እናሳየው። ካየ በኋላ የሚከራከር ጥቂት ነው፤ አሮጌውን አፍንጫም በእጁ እንስጠው።

አልፎ አልፎ ባለ ቤንዚን የቆየ የስፖርት መኪና ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 በኬንያ የሳፋሪ ውድድር ኦቬ አንደርሰን ያሸነፈበት ፔጆ 504 ቤንዚኑን በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጭ ነበር። ከዚያ በኋላ የተስፋፋው በኤሌክትሪክ የሚከፈተው የቤንዚን ኢንጀክተር ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ግፊቱ 3 ባር አካባቢ ብቻ ሲሆን በብዛት የሚያበላሸው ለረዥም ጊዜ ቆሞ የከረመ ቤንዚን የሚተወው ሙጫ ነው። በድምፅ ሞገድ በሚያንቀጠቅጥ መታጠቢያ ይጸዳል፤ የጎማ ቀለበቶቹና ትንሿ ወንፊት ይለወጣሉ፤ በናፍታ መሞከሪያ ላይ ግን አይወጣም።

ወደ ላንድክሩዘራችን እንመለስ። ኢንጀክተሮቹ በአዲስ መዳብ ሮንዴላ፣ ጥብቀቱን በሚለካ መፍቻ፣ በቁጥራቸው ይመለሳሉ። ከመጠን በላይ ማጥበቅ መርፌዋን ያስይዛታል። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ እስኪከብድ ይገፋል። ቀጥሎ የቱቦዎቹ ዳዶዎች በኢንጀክተሩ በኩል ላላ ብለው ሞቶሪኖው ይዞራል፤ ባንድ ጊዜ ከ10 ወይም ከ15 ሴኮንድ አይበልጥ፣ በመካከሉም ይረፍ። አረፋ የሌለበት ናፍታ ብቅ ሲል አንድ በአንድ ይጠብቃሉ። ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ እየተንገዳገደ የቀረውን አየር ያወጣል። ከዚያ በዝግታ እየሠራ ካርቶኑን ይዘን በየዳዶው እንዞራለን።