የሚያበላ መኪና፣ የሚበላ መኪና

አምቦ ላይ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ኮፈን ከማስከፈቱ በፊት ታርጋ ያያል። የታርጋ ቀለም ለረጅም ዘመን ብዙ ሲናገር ኖሯል፤ ቀዩ የታክሲ፣ አረንጓዴው የንግድ፣ ሰማያዊው የቤት ነው። እኔ ግን በሁለት ብከፍለው ይቀለኛል፦ ቀይና አረንጓዴው ባለቤቱን ያበላል፣ ሰማያዊው ባለቤቱን ይበላል። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የአንድ ሰው ዕድሜ በመኪና ሲቆጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላው ቀድሞ ይመጣል። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ጃፓን ውስጥ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መኪና እዚያ ደመወዝ ከተገኘ በኋላ የሚገዛ፣ ከተገዛባት ቀን ጀምሮም ዋጋው የሚቀልጥ ዕቃ ነው። አዲስ መኪና በ3 ዓመቱ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ ውድ የቴክኒክ ምርመራ ስለሚጠብቀው፣ ባለቤቱ ገና ጤነኛውን መኪና ይለቀዋል። ያ የተለቀቀ መኪና፣ ቪትዝ እንበል፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮለት፣ በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ሲደርስ ሁለተኛ ዕድሜውን ይጀምራል። የሚገዛው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ተሽከርካሪውን እየገዛ አይደለም። ከዚያ በፊት ሌላ ታሪክ አለው።

ታሪኩ ከጋሪ ሊጀምር ይችላል። ጋሪ ከመኪና ይቆጠራል ወይ የሚል ካለ ጎማውን ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና የወረደ ነው። ባለ ጋሪው በልጅነቱ የሚማረው ትምህርት ደግሞ ኋላ አይሱዙ ሲገዛም አይለወጥም፦ ፈረሱ ባይሠራም ይበላል። ዝናብ ቢጥል፣ ገበያ ቢቀዘቅዝ፣ ገብሱና ድርቆሹ ግዴታ ነው። ፈረሱ ከታመመ ደግሞ ገቢው ይቆማል፣ ወጪው ይጨምራል። ይህን የተረዳ ልጅ ስለ መኪና ንግድ የሚያስፈልገውን ግማሹን አውቋል።

ቀጥሎ ባጃጅ ይመጣል። አንድ ልጅ ባለቤት ከመሆኑ በፊት ብዙ ጊዜ በሰው ባጃጅ ሹፌር ይሆናል። ማታ ማታ ለባለቤቱ የተወሰነ ገንዘብ ያስገባል፤ "ገቢ" የሚባለው ይኸው ነው። ነዳጁ ከሹፌሩ፣ የተረፈውም የሹፌሩ። ስምምነቱ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ አደጋው በማን ላይ እንደወደቀ ግን ልብ በሉ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዕረፍት ሲበተን ከተማው ይሳሳል፣ ከግቢው እስከ መናኸሪያ የሚመላለሰው ሰው ይቀንሳል፤ ገቢው ግን ያው ነው። ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ የሚያገኘው የታወቀ ሲሆን፣ ጎማ ላይ የሚውለው ልጅ የሚያገኘው ግን አይታወቅም። ስለዚህም ነው ሹፌር ሁሉ የራሱን ባጃጅ የሚያልመው።

የሚያልመውን የሚያገኝበት መንገድ ደግሞ በአብዛኛው እቁብ ነው። ሃያ ሰው በየሳምንቱ እኩል ይጥላል፣ በየሳምንቱ ለአንዱ ይወጣለታል። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ በሃያኛው የወጣለት ደግሞ ያለ ወለድ ቆጠበ። ሁለቱም ያነሱት ብር በቁጥር እኩል ነው። በሚገዛው ነገር ግን እኩል አይደለም፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን የኋለኛው ብር ያነሰ ጎማ፣ ያነሰ ብረት ይገዛል። ባጃጅ ሊገዛ የቆረጠ ልጅ የሌላውን ዕጣ ትንሽ ጨምሮ የሚገዛው ለዚህ ነው። ብሩ ከእጁ ሳይቀልጥ ወደ ብረት ይለውጠዋል።

ከባጃጅ በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ ወይ ሰው መጫን ወይ እህል መጫን። ሰው የሚጭነው ወደ ሚኒባስ ወይም በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ወደሚሠራው ቅጥቅጥ ይሄዳል። እህል የሚጭነው አይሱዙውን ይመርጣል፤ የጊንጪ ጤፍ፣ የባኮ በቆሎ፣ የጀልዱ ድንች ሁሉ በዚህ አንድ አስፋልት ነው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው። አይሱዙን ሰው በአደጋው ብዛት "አልቃይዳ" ብሎታል። አዲሱ ቅርጽ ሚኒባስ ግን የተከበረ ስም ደረሰው፦ አባዱላ። የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት የነበሩት የአባዱላ ገመዳ ስም ነው፤ በኦሮምኛ አባ ዱላ የጦር መሪ ማለት ነው። ድሮ ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። ዛሬ ደግሞ መኪናው በሰው ስም ይጠራል።

የሚሠራው ከሚያንሸራሽረው መቅደሙ፣ እግረ መንገዴን ላንሳና፣ ለአገሩም አዲስ አይደለም። አፄ ምኒልክ የሚቀመጡበት አውቶሞቢል በእንግሊዛዊው ቤንትሌ እጅ የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ በሚጠረግበት ዘመን፣ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ አስገብቶ ነበር። ሕዝቡ "የሰርኪስ ባቡር" ያለው እሱን ነው።

እንግዲህ የቤት መኪናው ተራ የሚደርሰው ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ወይም እናት ታማ ሌሊት መኪና ሲጠፋ ነው። አሮጌው ኮሮላ ዲኤክስ ወይም ቪትዙ ግቢ ይገባል። እዚህ ላይ የአምቦን ከፍታ የረሳ ገዢ ይቆጨዋል። የፈረስ ጉልበት የሚባለው ልክ 75 ኪሎ ጭነትን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ነው። ባለ 1000 ሲሲው ቪትዝ ባሕር ወለል ላይ 70 ፈረስ ገደማ ጉልበት አለው። ሞተር የሚጎትተው ግን በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው፤ አየሩ ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይሳሳል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2100 ሜትር ነው። ስለዚህ ከሰባው ፈረስ አሥራ አራቱ ወይም አሥራ አምስቱ ገና ከግቢ ሳይወጡ ቀርተዋል። አምስት ሰው ጭኖ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ሁለት ኩንታል አስሮ ወደ ጀልዱ ደጋ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሌሎችንም ይተዋል። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር አየሩን በግድ ጨምቆ ስለሚያስገባ እንዲህ አይደክምም፤ የደጋ ነጋዴ ቱርቦ የሚወደው ለምቾት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሃያ ዓመት የሞላው ኮሮላ ባለቤቱ ከገዛበት በላይ ለምን ይሸጣል? መልሱ ወደ አገር የሚገባው በር ጠባብ መሆኑ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። ለሒሳብ ያህል 100 ብር የሚያወጣ አሮጌ መኪና እንውሰድ። 35 በመቶ ቀረጥ ሲጨመርበት 135 ይሆናል። የ135ቱ 500 በመቶ 675 ነው። አንድ ላይ 810፤ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሌላው ገና ሳይደመር። በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ዶላሩ ዘለለ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የገባው መኪና ግቢ ቆሞ ዋጋው ወጣ። ባለቤቱ አዋቂ ነጋዴ ስለሆነ አይደለም፤ ከበሩ ውስጥ ስለተገኘ ነው።

ስለዚህም እዚህ አገር መኪና ከዕቃ ይልቅ ለከብት ይቀርባል። ባጃጁ ተሸጦ የሚኒባሱ ቀብድ ይሆናል፤ ሚኒባሱ ተሸጦ ቤት ይሠራል፤ ልጅ ሲዳር ወይም ሰው ሲታመም ቪትዟ ወደ ደላላ ትሄዳለች። ብዙ ሰው በስተርጅና መኪናውን የሚያጣው ዓይኑ ስለደከመ አይመስለኝም። ያ መኪና ከመጀመሪያውም የቁጠባ ደብተር ስለነበረ ነው።

ይህ ሒሳብ በኤሌክትሪክ መኪና ይለወጣል። አንድ ነገር ለአምቦ ይስማማል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፣ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከአዲስ አበባ አምቦ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱም ለብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች አያስቸግርም፣ መብራት እስካልጠፋ። ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው። ኮሮላ ሲያረጅ ዛሬ ካንዴላ፣ ነገ ፍሪሲዮን፣ ከርሞ ካምቢዮ እየተባለ በቁራጭ ይታደሳል፤ አቅም በፈቀደ መጠን ዕድሜው ይረዝማል። ባትሪ ግን በቁራጭ አይደክምም፤ በዝግታ ሙሉው ይደክማል፣ መተኪያውም የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። ደላላው ሊብሬውን ሲያሳይ፣ ገዢው ይዞት የመጣው መካኒክ ኮፈኑን አስከፍቶ ጆሮውን የሚያስጠጋበት ሞተር የለም። የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ባትሪው አዲስ ሳለ ከሚይዘው ስንት በመቶው ቀርቶታል?